የመንፈስ ነጻነትና የኦነሲሞስ ነሲብ ሕይወት

የአንድ ሰው ሰንሰለት ሲወልቅለት «ነጻ ወጣ» እንላለን። ነገር ግን ሰንሰለት የሌለበት ሰው ለፍርሃቱ፥ ለቂሙ ወይም ለገንዘብ ሲገዛ በየቀኑ እናያለን። ስለዚህ በክርስቲያን ሕይወት የመንፈስ ነጻነት ምን እንደ ኾነ መመርመር ይገባል። ነገሩን በባዶ ቃል ከማብዛት ይልቅ በአንድ የአገራችን ሰው ታሪክ ማስረዳት ይሻላል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ኦነሲሞስ ነሲብ በ1850ዎቹ ዓመታት በኢሉባቦር በሑሩሙ አጠገብ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ሲኾን፥ በኦሮምኛ «ተርጓሚ» ማለት ነው። ገና ሕፃን ሳሉ የባርያ ነጋዴዎች ሰረቋቸው፤ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጡም እስከ ምጽዋ ደረሱ። በ1870 ቬርነር ሙንሲንገር ነጻ አወጣቸውና በስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። በ1872 በትንሣኤ በዓል ተጠምቀው ኦነሲሞስ ተባሉ።

ይህ ስም ያለ ምክንያት የተሰጠ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት አናሲሞስ የሚባል ባርያ አለ። ጳውሎስ ይህን ሰው ወደ ጌታው ሲመልሰው፥ እንደ ባርያ ሳይኾን እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው ለመነለት። የሚያስደንቀው፥ ይህን የጻፈው ራሱ በእስር ቤት ኾኖ ነው።

እዚህ ላይ ግን ትልቅ ጥያቄ ይነሣል። በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ የባርያ ጌቶች ይህንኑ መልእክት እየጠቀሱ፥ የሸሸ ባርያ ወደ ጌታው ሊመለስ ይገባል ይሉ ነበር። «ነፍሱ ነጻ ከኾነች ሥጋው ቢገዛ ምን ይጐዳዋል?» የሚል አሳብ ከዚህ ይወለዳል። ይህ ግን ስሕተት ነው። ወንድሜ ያልሁትን ሰው በገበያ ልሸጠው አልችልምና፤ የመንፈስ ነጻነት ለባርነት መሸፈኛ ሊኾን አይችልም።

የኦነሲሞስ ሕይወት ለዚህ ምስክር ነው። በስዊድን አገር ከ1876 እስከ 1881 ተምረው ከጨረሱ በኋላ፥ በዚያ በሰላም መኖርን አልመረጡም። በሱዳን በኩል ወደ ትውልድ አገራቸው ለመግባት ሞከሩ፤ መንገዱ ግን አልተሳካላቸውም። ከዚያም በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ጀመሩ። በዚህ ድካም ብዙ የረዳቻቸው አስቴር ጋኖ ናት፤ እርሷም እንደ እርሳቸው ከባርነት የወጣች ነበረች። አዲስ ኪዳን በ1893፥ መላው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በግዕዝ ፊደል ታተመ። እነዚያ እንደ ዕቃ የተሸጡ ሁለት ሰዎች ለወገናቸው መጽሐፍ ሰጡ። ሂካ የተባለው ሕፃንም እንደ ስሙ ተርጓሚ ኾነ።

ኦነሲሞስ በ1904 ወደ ወለጋ ገብተው በነቀምቴ በሕዝቡ ቋንቋ አስተማሩ። ከካህናት ክስ ተነሣባቸውና እንዳይሰብኩ ተከለከሉ፤ በ1916 ልጅ ኢያሱ እስኪፈቅዱላቸው ድረስ ብዙ ዓመት ታገሡ። በ1931 በነቀምቴ ዐረፉ። ባርነት በአገራችን በዐዋጅ በሕግ የተሻረው ከዚያ በኋላ በ1942 ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፥ የሥጋን ነጻነት ሌላ ሰው ሊሰጠን ወይም ሊነጥቀን ይችላል፤ የመንፈስ ነጻነት ግን ከእግዚአብሔር የሚገኝ ስለ ኾነ ከልካይ አይደርስበትም። ሁለተኛው፥ እውነተኛ ነጻነት ለራስ ብቻ የሚቀመጥ ሀብት አይደለም፤ በፍቅር ለሌላው ማገልገል ነው። ነጻ ወጣሁ ብሎ የታሰረውን ወንድሙን የረሳ ሰው፥ የወለቀለት ሰንሰለቱ እንጂ ልቡ አይደለም።

እንግዲህ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን የምንጨርስ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ትምህርት ከድንቍርና ነጻ አውጥቶናል። «ከምን ነጻ ወጣሁ?» ብለን ብቻ አንለፍ፤ «ለማን ነጻ ወጣሁ?» ብለን ደግሞ እንጠይቅ።