የአሚኖ አሲድ ታሪክና የጂማ ማዕድ

ሰው እህል ሲበላ ረኃቡን ያስታግሣል እንጂ የበላው እህል በሆዱ ውስጥ ምን እንደሚሆን ብዙ አይመረምርም። በጂማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት የሚኖረው ባለቡናም ቡናውን ሸጦ ለቤቱ በቆሎ ሲገዛ የሚያየው የጆንያውን መሙላት ነው። ነገር ግን ጆንያው ሞልቶ ሳለ ሕፃኑ ሊቀጭጭ ይችላል። ሊቃውንት የዚህን ምክንያት ፈልገው ያገኙበትን ታሪክ በአጭሩ ልናወሳ አስበናል፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1820 ብራኮኖ የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ከእንስሳ አካል የተገኘ ሙጫ በአሲድ ቢያፈላ፣ ጣፋጭ የሆነ ረቂቅ ነገር አገኘ። ይህም ዛሬ አሚኖ አሲድ ከምንላቸው አንዱ ነው። ፕሮቲን የሚለው ስም በ1838 በሆላንዳዊው ሙልደር ጽሑፍ ታተመ። በ1902 ደግሞ ፊሸርና ሆፍማይስተር የተባሉ ሁለት ጀርመንኛ ተናጋሪ ሊቃውንት አሚኖ አሲዶች እርስ በርሳቸው ተያይዘው ፕሮቲን እንደሚሆኑ አስረዱ።

ነገሩን በፊደል ብንመስለው ይቀላል። ፕሮቲን ቃል ነው፤ አሚኖ አሲዶችም 20 ፊደላት ናቸው። የበላነውን ፕሮቲን ጨጓራና አንጀት በየፊደሉ ይፈቱታል፤ ደም ተቀብሎ ወደ መላው አካል ያደርሰዋል፤ አካልም በራሱ ሥርዓት እንደገና ጽፎ ሥጋ፣ ደምና ጠጉር ያደርገዋል። ከ20ው ውስጥ 9ኙን ግን አካላችን ሊሠራቸው ስለማይችል ከምግብ ማግኘት ግድ ነው። አንዱ ፊደል ከጎደለ ቃሉ አይጻፍም።

በቆሎ የሚጎድለው ይኸው ነው። እንግሊዛዊው ሆፕኪንስ በ1906 ባወጣው ጽሑፍ፣ በበቆሎ ፕሮቲን ብቻ የተመገቡ አይጦች እንደማያድጉና እንደሚሞቱ አሳየ። በ1914 አሜሪካውያኑ ኦስቦርንና ሜንዴል በዚያው ምግብ ላይ ትሪፕቶፋንና ላይሲን የተባሉትን አሚኖ አሲዶች ቢጨምሩ አይጦቹ አደጉ።

ታሪኩ ወደ አገራችን የሚመጣው በዚህ በኩል ነው። በ1952 ከኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት የጂማ እርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከተማሪዎቹ አንዱ የነበሩት ገቢሳ ኤጀታ ከጂማ ወደ ዓለማያ፣ ከዚያም በአሜሪካ ወደሚገኘው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተሻገሩ። በዚያ ዩኒቨርሲቲ በ1964 ላይሲን የበዛበት በቆሎ ተገኝቶ ነበር። በ1973ም ሲንግና አክስቴል ከ9,000 የሚበልጡ የማሽላ ዓይነቶችን መርምረው፣ በላይሲን የበለጸጉ ሁለት ብቻ አገኙ፤ ሁለቱም የኢትዮጵያ ዘሮች ነበሩ። ገቢሳ ከዚሁ ከአክስቴል ዘንድ ተምረው በ1978 ዶክተር ሆኑ፤ ድርቅንና አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ ሥራቸውም በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተቀበሉ።

ይሁን እንጂ ከሊቃውንቱ አስቀድሞ የወሎ ገበሬ ያን የመሰለውን ማሽላ ለይቶ ያውቀው ነበር። ፍሬው የተጨማደደ፣ ምርቱም አነስተኛ ሆኖ ሳለ እሸቱን እየጠበሰ ይበላው ዘንድ ዘሩን አላጠፋም፤ ስሙንም «ወተት በጉንጬ» አለው። ምርቱን ብቻ አይቶ ቢጥለው ኖሮ፣ ሊቃውንቱ ምን ባገኙ ነበር?

የጂማም እናት እንዲሁ ናት። በቆሎን ከቦሎቄ ጋር ቀቅላ ንፍሮ ስታቀርብ፣ በቆሎ የነሣውን ላይሲን ቦሎቄው ይሰጣል፤ ቦሎቄ ያነሰውንም ሜታዮኒን በቆሎው ይሞላል። አንዱ ለአንዱ የጎደለውን ፊደል ያበድረዋል ማለት ነው።

ቡና ለጂማ ክብሯና ገንዘቧ ነው፤ በሲኒው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ግን ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ የቡናው ዋጋ ወደ ቤት በተመለሰ ጊዜ ከበቆሎው ጆንያ አጠገብ የቦሎቄ ቁና፣ ሲቻልም እንቁላልና ወተት እንዲታከል እንመክራለን። ጡት ለሚተው ሕፃን ገንፎ ሲሠራም የጥራጥሬ ዱቄት አይታጣበት። ጆንያ መሙላቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ልጅ የሚያድገው በሙሉ ፊደል ነው።