ትናንት የተፈተነ ፕሮግራም ለዛሬ ዋስ ይሆናልን?

አንድ የንግድ ድርጅት አዲስ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ወይም ድረ ገጽ ሲገዛ፣ ከሻጩ ዘንድ አስቀድሞ የሚቀርብለት ማስረጃ ሥራው በሌላ ስፍራ ለብዙ ጊዜ ያለ እንከን ማገልገሉ ነው። ማስረጃው ፈጽሞ የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ የሶፍትዌር ጥራት ምርመራ ታሪክ እንደሚያስተምረን፣ ከታላላቆቹ ጥፋቶች አንዳንዶቹ የደረሱት ባልተፈተነ አዲስ ሥራ ሳይሆን፣ ተፈትኗል ተብሎ በታመነ አሮጌ ሥራ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1968 በምዕራብ ጀርመን በጋርሚሽ ከተማ የተሰበሰቡ ሊቃውንት፣ የፕሮግራም ሥራ እንደ ሌላው የምሕንድስና ዘርፍ ሁሉ ሥርዓት እንደሚያስፈልገው መከሩ። እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ ግሌንፎርድ ማየርስ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የፈታኙ ተግባር ፕሮግራሙ መሥራቱን መመስከር ሳይሆን ስሕተቱን ፈልጎ ማግኘት መሆኑን አስረዳ። ስሕተቱ የሚፈለገው በየትኛው ሁኔታ ውስጥ ነው የሚለው ጥያቄ ግን ከዚያ በኋላም ብዙ ዋጋ አስከፍሏል።

ለዚህ የመጀመሪያው ምሳሌ በካናዳ የተሠራው ቴራክ 25 የተባለ የካንሰር ሕክምና የጨረር መሣሪያ ነው። ከፕሮግራሙ ከፊሉ ከቀደሙት ሞዴሎች የተወሰደ ነበር። በቴራክ 20 ላይ አደጋን የሚከላከሉ፣ ከኮምፒዩተሩ ተለይተው የቆሙ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ነበሩ፤ በቴራክ 25 ግን እነዚህ ቀርተው ጥበቃው ለፕሮግራሙ ብቻ ተተወ። ከ1985 እስከ 1987 (እ.ኤ.አ.) ስድስት ሕሙማን ከመጠን በላይ የሆነ ጨረር ደረሰባቸው፤ ከእነርሱም መካከል ሕይወታቸው ያለፈ ነበሩ። በኋላ ሲመረመር ከስሕተቶቹ አንዱ በቴራክ 20 ፕሮግራም ውስጥም ተገኘ። እዚያ ጉዳት ሳያደርስ የኖረው ፕሮግራሙ ጤናማ ስለ ነበረ ሳይሆን መከላከያዎቹ ስለ ሸፈኑት ነው።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 ከፈረንሳይ ጊያና የተተኮሰው አሪያን 5 የተባለው ሮኬት ነው። የአቅጣጫ መቆጣጠሪያው ፕሮግራም በአሪያን 4 ላይ በሚገባ ያገለገለ ነበር። የአዲሱ ሮኬት የአግድም ፍጥነት ግን እጅግ የላቀ በመሆኑ፣ በ64 ቢት የተመዘገበ አንድ ቁጥር በ16 ቢት ስፍራ ሊገባ ሳይችል ቀረ። ዋናው ሞተር በተቀጣጠለ በ37 ሰከንድ ገደማ መቆጣጠሪያው ሥራውን አቆመ፤ ሮኬቱም ከጫናቸው አራት ሳተላይቶች ጋር ጠፋ። ስሕተቱ የተነሣበት ክፍል ለአሪያን 5 ከተነሣ በኋላ ምንም ጥቅም አልነበረውም። መርማሪው ጉባኤ እንዳረጋገጠው ፕሮግራሙ በአሪያን 5 የበረራ መሥመር አልተፈተነም ነበር።

ሦስተኛው በቀጥታ የንግዱን ዓለም የሚመለከት ነው። ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ነጋዴ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የማይጠቀምበትን አንድ የፕሮግራም ክፍል ሳያስወግደው ቆየ። በ2005 ከዚህ ክፍል ጋር የተያያዘውን የትእዛዝ መቁጠሪያ ሲያዛውር አሮጌውን ክፍል እንደገና አልፈተነውም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 አዲስ ፕሮግራም ሥራ ሲጀምር፣ ከስምንቱ ሰርቨሮች አንዱ ሳይታደስ በመቅረቱ የተረሳው ክፍል ነቃና ማቆሚያ የሌለው ትእዛዝ ያጎርፍ ጀመር። በ45 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ የደረሰው ኪሣራ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ገበያው ከመከፈቱ በፊት ኮምፒዩተሩ ራሱ ስሕተቱን የሚጠቁሙ 97 መልእክቶች ለሠራተኞች ልኮ ነበር፤ ነገር ግን እርምጃ የወሰደ አልተገኘም።

ሦስቱም ታሪኮች አንድ ነገር ይመሰክራሉ። ፈተና ስለ ፕሮግራሙ ብቻ የሚሰጥ ምስክርነት አይደለም፤ ስለ ፕሮግራሙና ስለሚሠራበት ሁኔታ በአንድነት የሚሰጥ ነው። ሁኔታው ሲለወጥ ምስክርነቱም ይሻራል።

ይህ ለእኛ አገር ሙያተኞች የሩቅ ነገር አይደለም። ወደ አገራችን የሚገባው ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ የተፈተነው ዓመቱ አሥራ ሁለት ወር በሆነበት፣ ሰውም በቤተሰብ ስም በሚጠራበት አገር ነው። እኛ ዘንድ አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላት ጳጉሜን አለች፤ ከስም ቀጥሎ የሚጻፈው የአባት ስም ነው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት የምንለውን ሌላው ዘጠኝ ይለዋል። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለአንባቢ አንድ ሰው ሲሆኑ፣ ይህን ያልተማረ ድረ ገጽ ግን ሁለት ሰዎች አድርጎ ይመዘግባቸዋል። በጳጉሜን 3 ቀን የተከፈለ ሒሳብ ወይም በሌላ ሆሄ የተጻፈ የደንበኛ ስም የት እንደሚደርስ የውጭው ምስክር ወረቀት አይነግረንም።

ስለዚህ አንድ የማኅበራችን አባል «በሌላ አገር ተፈትኗል» የሚል ሰነድ ሲቀርብለት ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል፦ ፈተናው የተደረገበት ሁኔታ ምን ነበር? ከዚያ ወዲህ የተለወጠው ምንድን ነው? የማያገለግለው ክፍልስ ተወግዷልን? ጥያቄው ርክክቡን ለጥቂት ቀናት ሊያዘገየው ይችላል። ይሁንና ፊርማው የሚያረጋግጠው ሥራው ትናንት በሌላ ስፍራ መልካም እንደ ነበር ሳይሆን፣ ዛሬ በዚህ ስፍራ ለዚህ ድርጅት የሚበቃ መሆኑን ነው።