ዶክተር
ሥሩ «ዶኬሬ» የሚለው የላቲን ግስ ነው፤ ማስተማር ማለት። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ለማስተማር የበቃ ሰው ማዕረግ ነበር። እኛ ዘንድ ግን ዶክተር ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ሐኪም ነው፤ በሶሻል ወርክ ዶክትሬቷን የያዘችውን ጎረቤት ስለ ደም ግፊቱ የሚያማክራት አይጠፋም። (ሐኪም የሚል ጥሩ ቃል እያለን!)

ዶክትሬቱም አንድ ዓይነት አይደለም። ሃርቫርድ በ1920 እ.ኤ.አ. የትምህርት ፋኩልቲውን ሲያቋቁም ኢዲዲ የተባለውን የትምህርት ዶክትሬት ይዞ መጣ። ፒኤችዲ ለዕውቀት አዲስ ነገር እንዲጨመር ይጠይቃል፤ ኢዲዲ ደግሞ ርዕሰ መምህሩ ወይም የትምህርት ኃላፊው በሥራው ላይ የገጠመውን ችግር እንዲመረምር። ወሰኑ በወረቀት ላይ እንደሚነበበው የጠራ አይመስለኝም። ወደ ጎረቤቷ ሙያ ስንመለስ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሶሻል ወርክ የሚሰጠው ፒኤችዲውን ነው።