የጭንቀት መድኃኒት፦ ከጎንደር መንደሮች እስከ ረሆቮት

የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት ቤተ እስራኤል በወገራ፣ በደምቢያና በሰሜን ተራሮች በኖሩበት ዘመን ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት የሚታከሙት በሐኪም ቤት አልነበረም። ለበርካታ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረው አማኑኤል የሚገኘው አዲስ አበባ ነው፤ እንደ አምቦበር ወይም ወለቃ ባለ የጎንደር መንደር ለሚኖር ገበሬ ደግሞ አዲስ አበባ እንደ ባዕድ አገር ሩቅ ነበረች። የታወከን ሰው የሚያረጋጉት ጎረቤት፣ ሽማግሌና ቄስ ነበሩ። ይህ አያያዝ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ወደ እስራኤል ሲሻገር ምን እንደ ደረሰበት ለማየት ረሆቮት ትመቻለች። ብዙ ቤተ እስራኤሎች የሚኖሩበት የቂርያት ሞሼ ሰፈርና እንቅልፍን በቤተ ሙከራ የሚመረምረው የዋይዝማን ተቋም ሁለቱም ያሉት በዚችው ከተማ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመንደሩ ሰው ሁሉ የነፍስ አባት ነበረው። የነፍስ አባቱ ቄስ ነው፤ ኑዛዜ ይቀበላል፣ ይመክራል፣ የተጣላውን ያስታርቃል። የሚናዘዘውን ሰው እናቱንም አባቱንም ያውቃል፤ ከማን ጋር በድንበር እንደሚካሰስም አይጠፋውም። ከቄሱ ሌላ ዕረፍት የምትሰጠው ሰንበት ነበረች። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት ይጠፋል፣ ምግብ ቀድሞ ይሰናዳል፣ በሬ አይጠመድም፣ ሩቅ መንገድ አይኬድም። «ትእዛዘ ሰንበት» የተባለው የግዕዝ መጽሐፍ ሰንበትን በሴት አምሳል፣ ለሰው ልጅ የምታማልድ አድርጎ ያቀርባታል።

ከሁሉ የጠለቀው ጥሞና ግን የመነኮሳቱ ነበር። በትውፊቱ መሠረት ምንኩስናውን የጀመረው በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አባ ሰብራ ሲሆን ዋናው መቀመጫ ሆሃርዋ ነበር። መነኮሳቱ ከሕዝቡ በካብ ተለይተው፣ ምግባቸውን ራሳቸው እያዘጋጁ በጾምና በጸሎት ይኖሩ ነበር። ከ1888 እስከ 1892 የዘለቀው ክፉ ቀን ማኅበራቸውን ክፉኛ ጎዳው፤ ከዚያ ወዲህ ምንኩስናው እየመነመነ ሄዶ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ከነጭራሹ ጠፋ ማለት ይቻላል።

ቄሶቹ እየነቀፉት ሊያጠፉት ያልቻሉት ሌላው መንገድ ዛር፣ ማለትም ሰውን ይይዛል የሚባለው መንፈስ ሥርዓት፣ ነው። ቤተ እስራኤሎች ይህን ከክርስቲያንና ከሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ጋር ይጋሩት ነበር። ብዙውን ጊዜ የሚያዙት ሴቶች ናቸው። ሴትዮዋ ምግብ ትተዋለች፣ ትተክዛለች፣ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ታነጋለች። ሥርዓቱን የሚመራው ባለ ዛር ዘንድ ስትወሰድ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ከበሮ ይመታል፣ ተሰብሳቢው ያጨበጭባል። ጉሪ የተባለው ውዝዋዜ ሲነሳ ራሷንና ትከሻዋን እየወዘወዘች ሰመመን ውስጥ ትገባለች። ከዚያ በኋላ ተናጋሪው ዛሩ ነው፤ እሷ ፈረሱ ናት። ዛሩ ስሙን ይናገራል፣ የሚሻውን ይዘረዝራል፦ አዲስ ቀሚስ፣ ጌጥ፣ በቀለሙ የተመረጠ ዶሮ። ሚስቱ ብትለምነው ጆሮ የማይሰጥ ባል ዛር ሲጠይቀው እምቢ ማለት ይከብደዋል።

ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ተቀምጦ ይህን ሥርዓት በቅርብ ተከታትሎ ነበር፤ የቲያትር ባሕርዩን የሚያሳየውን መጽሐፉን ያሳተመው በ1958 ነው። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ሳይመን ሜሲንግ የዛርን ማኅበር እንደ ቡድን ሕክምና ቆጥሮ ጻፈ። አባባሉ ትክክል ነው። ዛር በአብዛኛው አይባረርም፤ ይለመናል፣ ይታረቃል፤ ሴትዮዋም ከተሻላት በኋላ ከማኅበሩ አትለይም። ወጪው ግን ቀላል አይደለም፤ ድሃውን የሚያራቁት ባለ ዛርም አይታጣም ነበር።

የስደቱ መንገድ ይህን ሁሉ ናደው። ወደ እስራኤል ለመድረስ መጀመሪያ ወደ ሱዳን የተጓዙት በእግራቸው፣ ሽፍታና ወታደር እየሸሹ፣ ቀን ተደብቀው ሌሊት እየተጓዙ ነበር። በመንገድና እንደ ኡም ራኩባ ባሉ የሱዳን መጠለያ ጣቢያዎች ወደ 4,000 የሚሆኑ ሰዎች እንደ ሞቱ ይገመታል። በዘመቻ ሙሴ፣ ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 መጀመሪያ፣ ከ7,000 እስከ 8,000 የሚደርሱ ሰዎች ወደ እስራኤል ተጓጓዙ። በዘመቻ ሰሎሞን ደግሞ በግንቦት 1991፣ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ ገቡ። ሌሊትን በንቃት ማሳለፍ የለመደ ሰው አልጋ ስላገኘ ብቻ እንቅልፍ አይወስደውም።

ረሆቮት በ1890 ከፖላንድ በመጡ አይሁድ የተቆረቆረች፣ በብርቱካን እርሻዋ የታወቀች ከተማ ናት። ከ1909 ጀምሮ የየመን አይሁድ ሻዓራይም በተባለው ሰፈር ሰፍረውባታል። ቤተ እስራኤሎች በብዛት የገቡት በ1990ዎቹ ነው። በ1993 መንግሥት የአፓርታማውን ዋጋ አብዛኛውን ክፍል በስጦታ የሚሸፍን ልዩ ማሽካንታ (የቤት መግዣ ብድር) ሲሰጥ፣ በጊዜያዊ የካራቫን መንደሮች የተከማቹ ቤተሰቦች በመሀል አገር ርካሽ ቤት ወደሚገኝበት ሰፈር ሄዱ፤ ቂርያት ሞሼ ከነዚህ አንዱ ነበር። ዘመድ ከዘመድ ቅርብ ሆነ፤ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ፎቅ ቤት ለጎጆ መንደር ኑሮ አልተሠራም። መርዶ ማልዶ የሚነገርበትና ለቅሶ በአደባባይ የሚለቀስበት ግቢ የለም። ሰውን ከመኝታው የሚቀሰቅሱት ከብትና ጎሕም ቀርተው ጡረተኛው ሽማግሌ ቀን እያንቀላፋ ሌሊት ያፈጣል። የቄሱም ሥልጣን በመንግሥት ረቢዎች ፊት ዋጋ አጣ፤ በ1985 ቤተ እስራኤሎች በኢየሩሳሌም በዋናው ረቢ ጽሕፈት ቤት ፊት ለአንድ ወር ያህል ተቃውሞ ያደረጉትም አይሁድነታቸው በመጠርጠሩ ነበር።

ከሐኪሙ ጋር የተደረገው ግንኙነት በስሕተት የተሞላ ነበር። ቤተ እስራኤል ኀዘኑን ሆዱ ውስጥ ይይዛል፤ ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርብም ሆዱን ወይም ልቡን ያመዋል። ሐኪሙ ጨጓራና ደም ግፊት መርምሮ ጤነኛ ነህ ብሎ ይመልሰዋል። እህል አልቀምስ ያሉ ወጣቶችን ሐኪሞች በምዕራቡ ዓለም የታወቀው የአመጋገብ ሕመም ይዟቸዋል ብለው ሲያስቡ፣ ሳይኮሎጂስቱ ጋዲ ቤን ዔዘር ነገሩ በኀዘን የሞላ ሆድ ሊሆን እንደሚችል አስረዳ። በዛር የተያዙ ሰዎችም የአእምሮ ሆስፒታል ደርሰዋል። ኒምሮድ ግሪሳሩ፣ ዳኒ ቡዶቭስኪና ኤሊዔዘር ዊትስቱም በ1997 ባወጡት ጽሑፍ እንዲህ ያለው ሰው ከእብደት ተለይቶ በባህሉ መሠረት ሊታይ እንደሚገባ አመለከቱ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ1994ቱ የምርመራ መመሪያው ዛርን ከባህል ጋር ከተሳሰሩ ሕመሞች መካከል አስፍሮት ነበር።

ሐኪሞችም የራሳቸው ሰመመን አላቸው፤ እስራኤል በሰመመን የሚደረገውን ሕክምና፣ ሂፕኖሲስን፣ በሕግ የወሰነችው በ1984 ነው። በሕጉ መሠረት ሂፕኖሲስ የሚፈቀደው ፈቃድ ላላቸው ሐኪሞች፣ የጥርስ ሐኪሞችና ሳይኮሎጂስቶች ብቻ ነው። በሂፕኖሲስ ታካሚው ጸጥ ባለ ክፍል ዓይኑን ጨፍኖ የሐኪሙን ድምፅ እየተከተለ ትኩረቱን ያጠብባል፤ ሐኪሙም ፍርሃትን፣ ሕመምን ወይም የእንቅልፍ እጦትን የሚያለዝብ ሐሳብ ያቀብለዋል። ከዛር ጋር የሚያመሳስለው ሰመመኑ ነው። ልዩነቱ ሰፊ ነው፦ ከበሮ የለም፣ ዘመድ የለም፣ ባል ፊት የሚቀርብ ጥያቄም የለም። በዕብራይስጥ የሚሰጥ ሂፕኖሲስ ደግሞ ቋንቋውን በወጉ ላልያዘ አዛውንት ብዙ አይፈይድም፤ ሕክምናው ሙሉ በሙሉ በቃል ላይ የቆመ ነውና።

በሐኪሙና በታካሚው መካከል ያለውን ክፍተት በተሻለ የደፈነው ሰው እንጂ ዘዴ አልነበረም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው «ረፉዓ ሽለማ» የተሰኘው ፕሮግራም አማርኛ ተናጋሪ ሜጋሽሮችን በኩፓት ሖሊም (የጤና መድን ድርጅት) ክሊኒኮች አስቀመጠ። ሜጋሽር አስተርጓሚ ብቻ አይደለም፤ ለሐኪሙ የታካሚውን ወግ፣ ለታካሚው የሐኪሙን አሠራር ያስረዳል። የቀድሞው ሽማግሌ የነበረውን ቦታ በከፊል ያዘ ማለት ይቻላል።

ከዓመታት በኋላም በከተማዋ ሌላ ጫፍ ሌላ ሥራ ይካሄድ ነበር። ቦታው በ1934 የዳንኤል ዚፍ ተቋም ተብሎ የተመሠረተው፣ በ1949 በዋይዝማን ስም የተጠራው ተቋም ነው። የተቋሙ ተመራማሪ የኖአም ሶቤል ቡድን በ2012 የተኛ ሰው ድምፅንና ሽታን አዛምዶ ሊማር እንደሚችል አሳየ፤ በ2014 ደግሞ አጫሾች ተኝተው ሳለ የሲጋራ ሽታ ከሚያስጠላ ሽታ ጋር ሲቀርብላቸው በቀጣዮቹ ቀናት ማጨስ እንደቀነሱ ገለጸ። ለቂርያት ሞሼ አዛውንት የቀረበው የእንቅልፍ ምክር ግን ከዚህ ቤተ ሙከራ የወጣ አይደለም። ክሊኒኮች በሰፊው የሚመክሩት ከ1970ዎቹ ጀምሮ የዳበረውን ነው፦ እንቅልፍ ሳይመጣ አልጋ ላይ አለመውጣት፣ ካልመጣ መነሳት፣ ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት መንቃት፣ ቀን አለመተኛት። ጆን ካባት-ዚን በ1979 በማሳቹሴትስ የጀመረው የስምንት ሳምንት የጥሞና ሥልጠናም እስራኤል ገብቷል። ሥልጠናው ትንፋሽን መከታተልንና ሐሳብን ሳይፈርዱ መመልከትን ያስተምራል፤ ለሆሃርዋ መነኮሳት ወገኖች እንግዳ የሚሆነው ጸጥታው ሳይሆን ጸሎት የሌለበት መሆኑ ነው።

በሐምሌ 2015 የአእምሮ ሕክምና ኃላፊነት ከጤና ሚኒስቴር ወደ ኩፓት ሖሊሞች ተዛወረ፤ ሰው ሁሉ እንደ ሌላው ሕመም በራሱ ክሊኒክ እንዲታከም ነው። በጥር 2019 በባት ያም የአእምሮ ሕመም የነበረበት የ24 ዓመት ቤተ እስራኤል ወጣት በፖሊስ ተተኩሶበት ሲሞት በቴል አቪቭ ሺዎች ሰልፍ ወጡ። ወላጆች የታመመ ልጃቸውን ለማሳከም ቄሱን፣ ሜጋሽሩን ወይስ ክሊኒኩን ይጥሩ የሚለው ጥያቄ ግን አሁንም አለ።