የጎረቤት አገሮች ትብብር ፈተናና ተስፋ፤ ከምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

መግቢያ

ጎረቤታም አገሮች በንግድ፣ በመጓጓዣና በትምህርት ቢተባበሩ ሁሉም እንደሚጠቀሙ በየጊዜው ይነገራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው አባባልም ለዚሁ ይጠቀሳል። ይሁን እንጂ ድሩን ማን እንደሚፈትልና የተገኘው ጥቅም እንዴት እንደሚከፋፈል አባላቱ ካልተማመኑበት ትብብሩ አይዘልቅም። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ መካከል የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ማኅበረሰቡ የቆመበትን፣ የፈረሰበትንና እንደገና የተቋቋመበትን ምክንያት መርምሮ ለመምህራንና ለዕቅድ ባለሙያዎች የሚበጀውን ማመልከት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አመሠራረቱ

ሦስቱን አገሮች በመጀመሪያ ያስተሳሰራቸው የእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ነበር። ከሞምባሳ ወደብ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ ያለው የባቡር ሐዲድ ከ1896 እስከ 1901 ተዘረጋ። በ1948 የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛ ኮሚሽን ደግሞ የጋራ አገልግሎቶችን በአንድነት መምራት ጀመረ። ነፃነት ሲገኝ ይህ ውርስ ለሦስቱ መንግሥታት ተላለፈ። በጁን ወር 1967 ጆሞ ኬንያታ፣ ሚልተን ኦቦቴና ጁሊየስ ኔሬሬ ካምፓላ ላይ ውል ተፈራረሙ፤ ማኅበረሰቡም በዚያው ዓመት በዲሴምበር ሥራ ጀመረ።

ውሉ የጥቅም ክፍፍልን ጉዳይ ችላ አላለም። የማኅበረሰቡ ጽሕፈት ቤት በአሩሻ፣ የባቡሩና የአየር መንገዱ ዋና መሥሪያ ቤቶች በናይሮቢ፣ የወደቦቹ በዳር ኤስ ሳላም፣ የፖስታውና የልማት ባንኩ በካምፓላ እንዲሆኑ ተደረገ። ከአባል አገር የሚገዛው ከሚሸጠው የበለጠበት አገርም ፋብሪካዎቹን ለመጠበቅ በአንዳንድ የፋብሪካ ውጤቶች ላይ ልዩ ቀረጥ እንዲጥል ተፈቀደለት።

ያፈረሱት ምክንያቶች

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ማኅበረሰቡን ከአሥር ዓመት በላይ አላቆየውም። አንደኛ፣ አብዛኞቹ ፋብሪካዎች በኬንያ ስለ ነበሩ የንግዱ ሚዛን ወደ እርሷ እንዳዘነበለ ቀረ። ሁለተኛ፣ ታንዛኒያ በ1967 የአሩሻን ዐዋጅ አውጥታ የሶሻሊዝምን መንገድ ስትከተል፣ ኬንያ የግል ሀብትን ታበረታታ ነበር። ሦስተኛ፣ የመጨረሻው ሥልጣን በሦስቱ ፕሬዚዳንቶች ስምምነት ላይ የተመሠረተ ነበር። በጃንዋሪ 1971 ኢዲ አሚን ኦቦቴን ገልብጦ ሥልጣን ሲይዝ ኔሬሬ ከእርሱ ጋር ለመቀመጥ እምቢ አለ። ከዚያ ወዲህ የፕሬዚዳንቶቹ ጉባኤ ሳይሰበሰብ ቀረ።

የጋራ ድርጅቶቹ ገቢ ወደ ዋና መሥሪያ ቤቶቻቸው መድረሱም ተስተጓጎለ። በ1977 መጀመሪያ ላይ የጋራው አየር መንገድ ቆመ፤ ኬንያ የራስዋን አቋቋመች፤ ታንዛኒያም ከኬንያ ጋር ያላትን ድንበር ዘጋች። ማኅበረሰቡም በዚያው ዓመት አጋማሽ ፈረሰ።

በትምህርት በኩል የታየው

የትምህርቱ ትብብር የተለየ ዕድሜ ነበረው። በ1963 የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ የማካሬሬን፣ የናይሮቢንና የዳር ኤስ ሳላምን ኮሌጆች አንድ አድርጎ ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ አገር የራሱን የተማረ የሰው ኃይል በራሱ ዕቅድ ማፍራት ስለ ፈለገ በ1970 ተከፋፈለ። የምሥራቅ አፍሪካ የፈተና ምክር ቤት ግን ብዙ ቆየ። ለራስ መቻል የሚለውን የትምህርት መመሪያ የተከተለችው ታንዛኒያ በ1971 ብትወጣም፣ ኬንያና ኡጋንዳ ማኅበረሰቡ ከፈረሰ በኋላም እስከ 1980 በጋራ መፈተናቸውን ቀጠሉ። መሪዎች በማይነጋገሩበት ጊዜ እንኳ የሁለት አገር ልጆች አንድ ፈተና ይወስዱ ነበር። በጸሐፊው ግምት፣ ተማሪ፣ መምህርና ወላጅ በየዓመቱ የሚጠብቁት ሥራ በቀላሉ አይቋረጥም።

ዳግም ምሥረታው

የጋራው ንብረትና ዕዳ የተከፋፈለው በ1984 አሩሻ ላይ በተፈረመ ስምምነት ነው። አዲሱ ውል በኖቬምበር 1999 ተፈርሞ በጁላይ 2000 ጸና። ሩዋንዳና ብሩንዲ በ2007፣ ደቡብ ሱዳን በ2016፣ ኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ በ2022፣ ሶማሊያ በ2024 ገቡ። የጉምሩክ ኅብረቱ በ2005፣ የጋራ ገበያው በ2010 ተጀመረ። ከቀድሞው የሚለየውም የሕዝብንና የነጋዴውን ተሳትፎ በውሉ ያካተተ መሆኑ ነው። ችግሩ ግን አልተወገደም። ለ2024 የታቀደው የጋራ ገንዘብ አልተገኘም፤ በ2019 በሩዋንዳና በኡጋንዳ መካከል ዋናው የጋቱና መተላለፊያ ተዘግቶ የተከፈተው በ2022 ነው።

ማጠቃለያ

አገራችን የዚህ ማኅበረሰብ አባል ባትሆንም ጉዳዩ ይመለከታታል። በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡርና በ1986 ኢትዮጵያን ጨምሮ ስድስት አገሮች ድርቅን ለመከላከል የመሠረቱት የበይነ መንግሥታት ድርጅት፣ ከጎረቤት ጋር መኖር ምርጫ ሳይሆን ግዴታ መሆኑን ያሳያሉ።

ጸሐፊው በሚሠራበት የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ዕጩ መምህራን የጎረቤት አገርን ዋና ከተማና ወንዝ ሲጠየቁ ወዲያው ይመልሳሉ። ከዚያ አገር ምን እንደምንገዛ፣ ምን እንደምንሸጥለት፣ ልጆቹ በምን ቋንቋ እንደሚማሩ ሲጠየቁ ግን ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም፤ ያላስተማርናቸውን ነው የጠየቅናቸው። እንግዲህ የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ጎረቤትን ከድንበርና ከጦርነት ምዕራፍ አውጥተው በገበያው፣ በውኃውና በትምህርት ቤቱ ሊያሳዩ ይገባል። በ1977 ማኅበረሰቡ ሲፈርስ ውሉን አጥብቀው የያዙት ጥቂት እጆች ብቻ ነበሩ። እጆቹን የማብዛቱ ሥራ የሚጀመረው በክፍል ውስጥ ነው።