ጭሱ የከሳበት ዓባይ

ያደግሁት ጀውሃ ነው። በይፋት ቆላ ወንዝ ሲጎድል በደጋው ዝናብ እንደ ራቀ እናውቃለን፤ የወንዝ መጉደል የሰማይ ሥራ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ጢስ ዓባይ ግን ሌላ ነገር አስተማረኝ።

ፏፏቴውን ለማየት የሄድሁት በበጋ ነው። ስሙን ያወጣለት የውሃ ጭስ አልነበረም፤ ከ40 ሜትር በላይ በሚሆነው ገደል ላይ ጥቂት ነጭ ክሮች ብቻ ይወርዱ ነበር። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ቆሞ የተደነቀበት ስፍራ ይህ መሆኑን ለማመን ተቸገርሁ። ከፏፏቴው በታች በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ እንኳ ከወንዙ ይልቅ ጸንቶ ታየኝ።

ውሃው አልደረቀም፤ መንገዱን ለወጠ እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ2001 ሥራ የጀመሩት ሁለቱ የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫዎች ከገደሉ በላይ ጠለፉት። በ2010 የተመረቀው ጣና በለስ ደግሞ 12 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዋሻ ከጣና ወደ በለስ ወንዝ ወሰደው።

በዚያው ምሽት ባሕር ዳር ገብቼ ማስታወሻዬን የጻፍሁት በኤሌክትሪክ መብራት ነው። ስለዚህ ወቃሽ ለመሆን አፍ የለኝም። ግን ታሪክ ያለው ውሃ ሲከፋፈል፣ ለፏፏቴውም ድርሻው ሊታሰብለት ይገባል እላለሁ።