የሣሩ ሕግና የመድኃኒቱ ሕግ

ጓሳ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ውርጫም ሜዳ ነው። ስሙንም ያገኘው ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ከሚያገለግለው የጓሳ ሣር ነው። የአገሩ ትውፊት እንደሚያስረዳው፣ አስቦና ጌራ የተባሉ አቅኚ አባቶች መሬቱን ለተወላጆቻቸው የጋራ ሀብት አድርገው ከለዩበት ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ፣ ሜዳው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ በጋራ ውሳኔ ይከፈታል። ሕጉን የሚያወጣውም የሚያስከብረውም ራሱ ተጠቃሚው ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ነባሩ ሥርዓት ፈረሰ፤ ሜዳውም ተጎዳ። ቆይቶ ነዋሪው በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ።

የሣር ታሪክ ለሐኪም ምን ይፈይዳል ቢባል፣ መልሱ ከዚያው ደጋ ሕዝብ የሕክምና ልማድ ይገኛል። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር የኮሶ ትል የታወቀ ሕመም ነው። መድኃኒቱም በመንዝም ሆነ በሌላው ደጋ የሚበቅለው የኮሶ ዛፍ አበባ ነበር። በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ መጠጣት ልማድ እንደ ነበረ ብዙዎች ጽፈዋል። ሕመሙን የሚለየው፣ ቀኑን የሚቆርጠው፣ አበባውን አስወቅጦ በባዶ ሆዱ የሚጠጣውና ትሉ መውጣቱን የሚያረጋግጠው ሕመምተኛው ራሱ ነው። ይሁንና ይህ ዕውቀት ጉድለት ነበረበት። መጠኑ በግምት ስለሚወሰን ሲበዛ ዓይንን ይጎዳል፤ ነፍሰ ጡርን ያስወርዳል፤ ሕይወትም ያጠፋል።

ዘመናዊው ሕክምና ኒክሎሳማይድንና ፕራዚኳንቴልን የመሳሰሉ መጠናቸው የታወቀ ክኒኖች ይዞ መጥቶ ይህን ጉድለት ሞላ። ነገር ግን ከግምቱ ጋር የሕመምተኛውን ድርሻ አብሮ ወሰደው። የራሱ ሕክምና አዛዥ የነበረው ሰው በሐኪም ፊት ዝም ብሎ ትእዛዝ ተቀባይ ሆነ። ከመምጣቱ በፊት ምን እንደ ጠጣ ካልተጠየቀም አይናገርም።

እ.ኤ.አ. በ1978 በአልማ አታ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ ጉባኤ፣ ሕዝብ በጤና አጠባበቁ እቅድና አፈጻጸም በግልም በጋራም መሳተፍ መብቱም ግዴታውም መሆኑን አወጀ። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም፣ ቤተሰብ ተገቢውን ዕውቀት ካገኘ ጤናውን ራሱ ሊያመርት ይችላል ከሚል እምነት ተነሣ። በየቀበሌው ሁለት ሠራተኞች እንዲመደቡ፣ ሥልጠናውን ፈጽሞ በተግባር ያዋለውም ቤተሰብ ሞዴል ተብሎ እንዲመረቅ ተደረገ። ሐሳቡ ለመንዝ ሰው እንግዳ አልነበረም፤ የቄሮው ሥርዓት በሣሩ ላይ ያደረገውን በጤና ላይ መድገም ነውና።

የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ ለወራት፣ የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ዕድሜ ልኩን መድኃኒቱን ይወስዳል፤ ሐኪም ግን ሁልጊዜ ከአጠገቡ አይኖርም። ያኔ ዋናው ጠባቂ እርሱ ራሱ ነው። ምክንያቱን ያልተረዳውንና ያልመከረበትን ሕግ ሻል ሲለው ቢተወው አያስደንቅም። የነቀርሳው መድኃኒት ሲቋረጥ ደግሞ በሽታው መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል፤ ጉዳቱም ለጎረቤት ሊተርፍ ይችላል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ተረቱ የሚወቅሰው ሕመምተኛውን ነው፤ ሆኖም ሳይጠየቅ የቀረ ሰው ደብቋል አይባልም። እንግዲህ የሐኪሙ ድርሻ መጠኑንና አደጋውን ማስረዳት፣ የሕመምተኛው ድርሻ ልማዱን፣ አቅሙንና የወሰደውን ሁሉ መናገር ነው። ሁለቱ ተመካክረው የቆረጡት ሕግ ጠባቂ አያጣም።